ከጋሪው ሥር ያወጣሁት መጅ

ባዶው ጋሪ እዚያ ባይቆም ኖሮ አጎቴ አያ ይመር እግራቸውን ብቻ ተሰብረው ይተርፉ ነበር? ስንት ዓመት አሰብኩት፤ ዛሬም አላውቀውም። እሳቸውም ስላረፉ እጽፈዋለሁ።

ልጅ እያለሁ፣ በጣልያን ጊዜ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ መንገድ ይሠራ ነበር። ድንጋይ ሰብሳቢዎቹ በደጃችን ሲያልፉ፣ ሊወቀር የወጣውን የእናቴን የወፍጮ መጅ ከተራው ድንጋይ ጋር ጭነውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጎረቤት ተራ እየጠበቀች ፈጨች። “የሰው ወፍጮ ወገብ ይሰብራል” ትል ነበር።

አንድ ረፋድ መንገድ ሥራው ላይ ለሚውሉት አጎቴ ምሳ ሳደርስ መጁን አየሁት። ቁልቁለቱ ላይ፣ ድንጋይ ከተጫነበት ጋሪ ጎማ ሥር፣ እንዳይንከባለል ታኮ አድርገውታል። በእናቴ መዳፍ የለሰለሰ ጎኑን አልሳትኩትም፤ የሳትኩት ሌላውን ነው። ጎንበስ ብዬ ጎተትኩት።

ጋሪው ትንሽ እንደ ማመንታት አለና ወረደ። ታች የቆመውን ባዶ ጋሪ ገጨው፤ ብረታቸው ተቆላልፎ፣ ሩጫው በርዶ፣ አንድ ላይ ወረዱ። አጎቴ ከባዶው ጋሪ ፊት ገመድ ይፈቱ ነበር። ቀኝ እግራቸው ተሰበረ። እኔ መጁን አቅፌ ሮጥኩ። መንገድ ዳር ወድቆ አገኘሁት አልኳት፤ እናቴ ድንጋዩን ሳመችው።

የጣልያኑ አለቃ ታኮውን ሆን ብለው ያነሱት አጎቴ ናቸው ብሎ አስገረፋቸው። ጣልያን ሲወጣ ያው ክስ ክብር ሆነላቸው። በየሰርጉ “የጣልያንን ጋሪ የለቀቀ” እየተባሉ ከፍ ካለው መደብ ይቀመጡ ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት ልጆች ወልጄ ነው። መምህሩ ሁለት የጭቃ ድቡልቡል አጋጭቶ አጣበቀ። ተጣብቀው ሲሄዱ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ይዞት የመጣው እንቅስቃሴ ግን አይጠፋም፣ ለሁለቱ ይከፈላል አለ። ከደብተሬ ቀና አላልኩም። ባዶው ጋሪ ያንን ሩጫ ተካፍሎላቸዋል ማለት ነው። ግን ምን ያህል? የጋሪዎቹን ክብደት አላውቅም፤ የማላውቀውን ቁጥር ደግሞ አልጽፍም።

ዛሬ መኪናው ያንን ቁልቁለት ሳያስተውለው ያልፋል። እኔ ግን እዚያ ስደርስ እስካሁን ይደክመኛል።

አጎቴ ካረጁ በኋላ አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ “አያ፣ ታኮውን ያነሳሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

ለሌላ ሰው ነግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነገርኩም አልኩ።

“እንግዲያ እግሬን ወስደሻል፤ ስሜን ተይልኝ” አሉኝ።