መርሳ ላይ ያጠናሁት ጃፓንኛ

የበደለችኝ የባሌ እህት ናት። ወልድያ በተያዘችበት ክረምት፣ መርሳ፣ እዚያው ቤቷ ተጠግቼ ሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ጠቁመውብኝ ነበር» ብዬ አልፋለሁ። እዚህ ግን ማን እንደጠቆመ ይጻፍ።

ልጄ ጃፓን አግብታ ትኖራለች፤ ልጇ አማርኛ አትሰማም። ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት ልጄ በስልክ አንድ ግስ አስጠናችኝ፤ «መጠጣት» የሚለውን። «ትንሿ ቀኑን ሙሉ የምትለው ይህንኑ ነው እማዬ፤ እሱን ከያዝሽ ታወሪያታለሽ» አለችኝ። እንዳይጠፋኝ በጣሳ አጠናሁት። ጣሳውን ሳነሳ «ኖሙ»፤ እጠጣለሁ። አፉን በመዳፌ ስከድን «ኖማናይ»፤ አልጠጣም። ባዶውን ስደፋው «ኖንዳ»፤ ጠጣሁ። ጓሮ ቁጭ ብዬ ይህን ስደጋግም የባሌ እህት በመስኮት ታየኝ ነበር።

አባቴ የትግራይ ሰው መሆኑን መርሳ ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያን ሰሞን በዚህ ብቻ የሚወሰድ ሰው ነበር፤ የተወሰደው ሁሉ አልተመለሰም። ይህን እያወቀች ሄዳ ዘሬንም፣ ጓሮ የማወራውንም ለሰፈር ጠባቂዎች ነገረች።

ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው ክላሽ ይዟል።

«እማማ፣ መገናኛ ሬዲዮውን ያውጡ።»

«የለኝም። ጃፓንኛ ነው የማጠናው።»

ባለክላሹ ሳቀ። «እኔም የቻይና ንጉሥ ነኝ።»

ጓደኛው አልሳቀም። «እስኪ ያሰሙን» አለ። በጣሳው እያሳየሁ ነገርኩት። ከዚያ እያዘበራረቀ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ከራሴ የፈጠርኩት ከሆነ እንደሚምታታብኝ ገብቶታል።

«ጠጣሁ?»

«ኖንዳ።»

«አልጠጣም?»

«ኖማናይ።»

«እንደገና፣ ጠጣሁ?»

«ኖንዳ።»

«ጠላ ሲሆንስ?» አለ ባለክላሹ።

«ጠላም ያው ነው። ክኒን መዋጥም በዚሁ ቃል ነው የሚባለው።»

«ክኒኑን ለእርስዎ፣ ጠላውን ለእኔ» አለ።

ያኛው ግን አልለቀቀኝም። «መጠጣት እፈልጋለሁ፣ ይበሉ።»

ጠፋኝ። ልጄ ነግራኛለች፤ አፌ ላይ ግን የለም። ባለክላሹ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

«አያችሁ!» አለች የባሌ እህት ከበሩ ላይ።

ጣሳውን መሬት አስቀምጬ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። እንደጠማው ሰው እጄን ወደ ጣሳው ዘረጋሁ። ቃሉ መጣ።

«ኖሚታይ።»

ጠያቂው ትንሽ አየኝ። «ይህ ትግርኛም አይደል፣ የምናውቀው ቋንቋም አይደል። በአባታቸው ብቻ አልወስዳቸውም። ተዋቸው፣ እንሂድ» አለ ለጓደኛው።

ሲወጡ የባሌ እህት ተከትላኝ ጓዳ ገባች። «ለራስሽ ብዬ እኮ ነው። ሌላ ሰው ቢጠቁምሽ ይሻል ነበር?»

በማግስቱ ልብሴን ሸክፌ በእግሬ ወደ ውርጌሳ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። ባሏ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም።