የገዳዩ መልክ

ላሊበላ ላይ ቱሪስት የጠፋ ጊዜ፣ እኔ አስጎብኚው የማስጎበኘው ሰው ሳጣ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርኩ። ታሪኩ የቤቴ ነው። አጎቴ እኔ ሳልወለድ ከኩልመስክ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። በቅሎው ብቻዋን ቤት ገባች። ሀገሬው አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ ሁሉም ምሎ፣ ገዳዩ ሳይገኝ ቀረ። እህቱ፣ አክስቴ፣ እስካሁን "ሳልሞት ማን እንደሆነ ባወቅሁ" ትላለች። ስንት ዳኛ ያቃተውን እኔ በእስክሪብቶ ላገኝላት ተነሳሁ። ድፍረቴ!

ገዳዩን ግራኝ አደረግሁትና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለሰንበቴ ማኅበርተኞች አነበብኩ። በማግስቱ አንድ ግራኝ ቄስ ደጄ ላይ ቆመዋል።

"ልጄ፣ ምን በደልኩህ?"

"ኧረ አባ፣ እርስዎን አይደለም!"

"ባጥቢያው ከእኔ ሌላ ግራኝ አለ?"

መስቀላቸውን ተሳልሜ ግራኝነቱን ሰረዝኩ። ረጅም ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ረጅሙ የሆቴል ዘበኛ መጣ። አጭር አልኩት፤ የአጭሩ መስቀል ሻጭ ሚስት "ባሌ ዶሮ ማረድ እንኳ ይፈራል!" ብላ ሰፈር ሰበሰበችብኝ። ጥርሱን ባወልቅበት በአንድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ ተሰለፈ። በመጨረሻ ገዳዬ ረጅምም አጭርም፣ ቀይም ጥቁርም ያልሆነ፣ ጥርሱ የተሟላ ሰው ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ሰው በላስታ የለም። ከመጻፍስ መግደሉ ሳይቀል አይቀርም ብዬ ተማረርኩ።

አንድ ነገር ብቻ ማንም አላስለወጠኝም። ደም ያለበት ሰው ሳይታረቅ ከሟች ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ገዳዬ የሟችን ቤተሰብ እየረዳ እህላቸውን ግን እንደማይቀምስ ጽፌ ነበር። አክስቴ ይቺን ገጽ ሁለቴ አስነበበችኝ። አጻጻፌ ገርሟት ነው ብዬ ኮራሁ።

በሳምንቱ ጎረቤቷ ሊያርስላት መጣ። ወንድሟ ከሞተባት ጀምሮ በየዓመቱ ሳትጠራው የሚያርስላት ደግ ሰው ነው። ጠላ ስታቀርብለት ግን አንዴ ሆዴን አሞኛል፣ አንዴ ጾም ነኝ ይላል። የአክስቴን ጠላ ስለማውቀው ፈርጄበት አላውቅም።

ያን ቀን ዋንጫውን ሞልታ ማሳው ድረስ ሄደች። እኔ ዳቦውን ይዤ ተከተልኳት።

"አያ፣ እስቲ ጉሮሮህን አርጥብ።"

"ይቅርብኝ እቴ፣ ጾም ነኝ።"

በዓለ ሃምሳ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ያለው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት፣ አሸተን ማርያም ያሉት መነኮሳት ሳይቀሩ የሚበሉበት ወቅት።

አክስቴ ዋንጫውን አልመለሰችም።

"ይህን ሁሉ ዓመት" አለችው፣ "እንዴት ጠምቶህ ይሆን።"

ሰውየው እርፉን ለቀቀ። ጅራፉን እንደያዘ ትልሙ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።