ሃያ ሁለት ኪሎ አየር

አክስቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ለእኔ አክስቴ፣ ለቀረው ሰው ግን «ሚዛኗ» ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ የጅምላ ሱቅ ውስጥ ከሚዛን ኋላ ቆማ ስኳር፣ ምስማር፣ ሳሙናና ገመድ ስትመዝን ኖራለች። እያደር ሚዛኑ ለደንበኛው ዓይን ብቻ የሚቀመጥ ዕቃ ሆነ። እሷ በመዳፏ ከፍ ዝቅ አድርጋ «ሦስት ኪሎ ከሩብ» ካለች፣ ሦስት ኪሎ ከሩብ ነው። እኔ ስወለድ እንኳ አዋላጇ ሚዛን ላይ ሳታወጣኝ አክስቴ ተቀብላኝ «ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ፤ ግማሽ ኪሎው አፏ ነው» ብላለች አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ይነገርብኛል።

ኋላ የኤሌክትሪክ ሚዛን መጣ። ቁጥሩን በቀይ መብራት ራሱ ስለሚናገር አክስቴ ወደ በሩ ተዛውራ ደረሰኝ ቀዳጅ ሆነች። ጡረታ ስትወጣ የሱቁ ባለቤት ከአሮጌው ሚዛን ድንጋዮች አንዷን፣ ባለ ሁለት መቶ ግራሟን ናስ፣ በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። ስጦታው ቀልድ ነበር። አክስቴ ለዓመታት «ይቺ ድንጋይ ከመነካካት ብዛት ተበልታለች፣ ሁለት ግራም ይጎድላታል» ስትል፣ እሳቸው «ሁለት ግራም እኮ የዝንብ ክብደት ነው» እያሉ ሱቁን ሁሉ ያስቁባት ነበር። ቀልዱን ዋጥ አድርጋ ተቀበለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ናሷ ቦርሳዋ ውስጥ ከመነጽሯ ጋር ትኖራለች። አልፎ አልፎ ታወጣትና መዳፏ ላይ አስቀምጣ «መቶ ዘጠና ስምንት» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

ጡረታው አላስቀመጣትም። ቤት ከሚለቁ ሰዎች የጥንት ዕቃ እየገዛች በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ ጀመረች፤ የከሰል ካውያ፣ የበር ቁልፍ፣ ደወል፣ የቀለም ብልቃጥ፣ ምኑ ቅጡ። ኮሪደራቸው ውስጥ በጎን ካልሆነ አይታለፍም። ባሏ፣ ሁላችንም «መምህር» የምንላቸው ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ፣ ወንበራቸው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት የተቀመጠበትን ዕቃ ማንሳት ግዴታቸው ነው። እኔ በሥራ ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የአክስቴ ፎቶ አንሺ፣ ጸሐፊና የቁጣ ማራገፊያ ነኝ። እሷ ዕቃውን አንስታ ክብደቱን ትነግረኛለች፣ እኔ በዚያው ልክ የመላኪያውን ዋጋ እሞላለሁ። ቤት ውስጥ ሚዛን የሚባል ነገር የለም። መምህር አንድ ጊዜ የሰውነት ክብደት መለኪያ ገዝተው ቢገቡ፣ «አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሚዛን?» ብላ የአበባ ማስቀመጫ አደረገችው።

እንዲህ እያልን መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዕቃ ሸጠን አንድም ቅሬታ አልመጣብንም። ያለ ቅሬታ ሁለት መቶ የሞላለት ሻጭ ከስሙ አጠገብ ወርቃማ ኮከብ ይደረግለታል። አክስቴ ኮከቡን ፈልጋው ነበር፣ በጣም ፈልጋው ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስመዝን ‹እጅሽ ልክ ነው› ብሎ የጻፈልኝ አንድ ሰው የለም» አለችኝ አንድ ቀን እየሳቀች። ሳቋ አንጀቴን በላው።

ሁለት መቶኛው ዕቃ የግራማፎን መለከት ሆነ፤ ድምፁ የሚወጣበት፣ እንደ ትልቅ አበባ አፉን የከፈተ ናስ። ግራማፎኑ የለም፣ መለከቱ ብቻ ነው። አክስቴ አነሳችው። «ሁለት ኪሎ ከመቶ። ከነካርቶኑ ሦስት» አለች። ሦስት ኪሎ ምን አላት ብዬ፣ ተጫራች እንዲበዛልን «መላኪያው በሻጭ» የሚለውን ተጫንኩት። ማንንም አላማከርኩም። አክስቴ «ቀልቃላ» የምትለኝ በከንቱ አይደለም።

ባሕር ማዶ የሚኖር አንድ ፒያኖ ቃኚ ጨረታውን አሸነፈ። ገንዘቡን ከፍሎ ወዲያው ጻፈልን፦ «እናቴ በወሩ መጨረሻ ዘጠና ዓመት ይሞላታል። ግራማፎኗ ድሮ የሱቋ ባንኮኒ ላይ ነበር የሚዘፍነው። ቤት ስንቀይር መለከቱ ጠፋና ይኸው ሃያ ዓመት ዲዳ ሆኖ ተቀምጧል። ለልደቷ እንዲደርስልኝ እለምንዎታለሁ።» አክስቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «ሱቋ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ «የሙያ ጓደኛዬ!» ትል ነበር።

በማግስቱ ካርቶኑን አቅፈን መላኪያ ቢሮ ሄድን። የመስኮቱ ሠራተኛ ሜትር በአንገቱ ያንጠለጠለ ረጅም ሰው ነው። ካርቶኑን ሚዛን ላይ ሲያደርገው ሦስት ኪሎ አለ፤ አክስቴ አገጯን ከፍ አደረገች። ሰውየው ግን ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ሃምሳ በሃምሳ በሃምሳ።

«ሃያ አምስት ኪሎ» አለ።

«ምኑ?»

«ካርቶኑ፣ እናቴ። ቀላልና ትልቅ ዕቃ የሚከፈልበት በሚይዘው ቦታ ነው። አውሮፕላን ውስጥ የሃያ አምስት ኪሎ ቦታ ይይዛል።»

«አሁን ሦስት ብለሃል እኮ!»

«ዕቃው ሦስት ነው።»

«ሃያ ሁለቱስ?»

ሰውየው አሰብ አደረገ። «አየር ነው» አለ።

ጉድ ፈላ። «ሠላሳ አንድ ዓመት መዘንኩ!» አለች አክስቴ፣ ወደ ወረፋው ዞራ። «ጆንያው ውስጥ አየር አለ ብዬ ያስከፈልኩት ሰው ካለ ይውጣ!» ማንም አልወጣም። አንድ ፖስታ የያዙ ሽማግሌ እንዲያውም «ልክ ነሽ» አሉ። ሠራተኛው ዋጋውን ሲነግረን እኔ ክው አልኩ፤ መለከቱ ከተሸጠበት እጥፍ ነው። አክስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «መላኪያው በሻጭ ያለው ማነው?» አለች። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በጥሞና ማንበብ ጀመርኩ።

ካርቶኑን ይዘን ተመለስን። መምህር ነገሩን ሲሰሙ እስኪብቶ አነሱ፤ ፊታቸው በራ። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያመጣላቸው ሰው የለም።

«ርዝመት በስፋት፣ በቁመት ተባዝቶ፣ ለአምስት ሺህ ይካፈላል። መቶ ሃያ አምስት ሺህ ለአምስት ሺህ… ሃያ አምስት! ሰውየው ልክ ነው።»

«ይሄ አምስት ሺህ ደግሞ ማነው?» አለች አክስቴ።

«ደንባቸው ነዋ።»

«ማን ጠራው?»

አነስ ያለ ካርቶን እንዳንፈልግ መለከት እንደ ሸሚዝ አይታጠፍም። ሽያጩን እንዳንሰርዝ፣ የተሰረዘ ሽያጭ እንደ ቅሬታ ይቆጠራል፤ ኮከቡ ቀረ፣ የዘጠና ዓመቷም ግራማፎን ዲዳ እንደሆነ ቀረ ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከደሞዜ ልክፈል ብል አክስቴ ፍንክች አላለችም። ካርቶኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ክዳኑን ከፍታ እጇን ሰደደችና ባዶ መዳፏን አወጣች፤ ከፍ ዝቅ አደረገችው። አየሩን እየመዘነች ነው። መምህርና እኔ ተያየን።

ድንገት ሳቋን ለቀቀችው። «ከከፈልኩበት የእኔ አይደለም እንዴ?» አለች። «ሃያ ሁለት ኪሎ ቦታ አውሮፕላን ላይ ተከራይቻለሁ እኮ! አንቺ ቀልቃላ፣ ስልክሽን አውጪና ጻፊ።»

እሷ እየነገረችኝ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወንድሜ፣ ወደ እርስዎ የሚመጣ ሃያ ሁለት ኪሎ አየር አለኝ። መላኪያው በእኔ ነው። በአየሩ ፈንታ ካርቶኑ ውስጥ ምን ልክተትልዎ? የዕቃውን ዋጋ ብቻ ይክፈሉ።» ከዚያ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

ሰውየው አበደ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ መጣ። መጀመሪያ የፈለገው የበር ማቆሚያውን የብረት እንቁራሪት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋውን የጠየቀ ሰው እንኳ አልነበረም። መምህር የእግር ጣታቸውን በየሳምንቱ የሚመቱት በእሱ ነውና «እግዚአብሔር ይስጠው!» ብለው ተነሱ። ቀጥሎ አራት ካውያ፣ ቀጥሎ የናስ ሙቀጫ፣ ደወል፣ ሁለት ትልልቅ የበር ቁልፍ። «ይሄም ይገባል? ይሄስ?» እያለ ይጠይቃል፤ አክስቴ እያንዳንዱን እያነሳች «ይገባል በለው!» ትላለች። የዕቃዎቹ ዋጋ ተደምሮ የአየሩን ሒሳብ ሸፈነና ተረፈ። ሦስታችንም ኮሪደሩ ውስጥ በጎን ቆመን እንደ ሕፃን ሳቅን።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ቢሮው ስንደውል እንደነገረን፣ እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ከዚያ ቅንጣት ካለፈ ግን በመርከብ ነው፣ ስድስት ሳምንት። ልደቱ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

«በናትሽ ሃያ አራት ላይ አቁሚ» ብለው መምህር ለመኗት።

«ለሃያ አምስት ከፍዬ አንድ ኪሎ አየር ልሸኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑን ከውስጥ በኩል በካርቶን ደርበን አጠናከርነው። ብረታ ብረቱን ታች በየማዕዘኑ፣ መለከቱን ከላይ አደረግን፤ መሀሉን በመምህር አሮጌ ሹራቦች ጠቀጠቅነው። «ይሄን እኮ እለብሰዋለሁ» ሲሉ ሹራቡ ገብቶ ተቀበረ። ሲያልቅ ካርቶኑን ለሁለት ይዘን ልናነሳው ስንል አክስቴ «ዞር በሉ» አለችና ጉልበቷን አጥፋ አቀፈችው። ከመሬት ጣት ያህል ብቻ አነሳችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አስቀመጠችው። ምን ያህል እንደሆነ ግን አልነገረችንም። ሦስታችን በታክሲ ስንሄድም ቦርሳዋን አቅፋ በመስኮት ታያለች፤ ፈራሁ።

ባለ ሜትሩ ሰው ሲያየን በፈገግታ ተነሳ። «እናቴ፣ አየሩን ይዘው መጡ?»

«ቁም፣ ሚዛን ላይ እንዳታወጣው» አለችው። «ሃያ አራት ከስምንት መቶ ነው። ልክ ከሆንኩ ከዛሬ ጀምሮ ዕቃዬን ከበሩ አንተ ነህ የምትሸከመው።»

«ከተሳሳቱስ?»

«ከተሳሳትኩ ማሽንህን እስመዋለሁ።»

ወረፋው ሁሉ ወደፊት ተጠጋ። የሠራተኛውን ማሽን መሳሟ ሳይሆን፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ እዚያ ብረት ላይ መውጣቱ ነው ያስፈራኝ። ሰውየው ካርቶኑን አንስቶ አስቀመጠው። ቀዩ ቁጥር ተንቀጠቀጠ፣ ረጋ። 24.80።

ጩኸቱ! መምህር ባርኔጣቸውን ወረወሩ፤ ከየትኛው ሰው ጫማ ሥር እንዳነሳነው አላስታውስም። ባለ ሜትሩ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቀረ። አክስቴ ብቻ አልጮኸችም። «ሁለት መቶ ግራም አየር ይቀራል» አለች። ቦርሳዋን ከፍታ ናሷን አወጣች።

«ኧረ እሷን አይሆንም!» አልኩ። «አክስቴ፣ እሷን አትስጪ።»

«ባለ ሱቅ ቤት ነው የምትሄደው» አለችና ፕላስተሩን በጥፍሯ ገለጥ አድርጋ አስገባቻት። ቁጥሩ ዘለለ። 25.00።

«አፋፍ ላይ ነው» አለ ሰውየው ትንፋሹን ይዞ። «ግን አላለፈም።»

«እንዴት ያልፋል? ሁለት ግራም ይጎድላታል። ማሽንህ ሁለት ግራም አያይም።» ሰውየው ሳቀ፣ ወረፋው ሳቀ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ።

ካርቶኑ በስምንተኛው ቀን ደረሰ። በልደቱ ማግስት የፒያኖ ቃኚው መልእክት መጣ፤ ቅዳሜ ስለነበር ሦስታችንም አለን። ጮክ ብዬ አነበብኩ፦

«ግራማፎኑ ዘፈነ። እናቴ እንቁራሪቷን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣታለች፤ ሹራቦቹ ግን ለማን እንደሆኑ አላወቅንም፣ እኔ ለብሻቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ትንሽ ናስ አገኘን። እናቴ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነችና ‹የሚዛን ድንጋይ ናት፤ ተበልታለች፣ ሁለት ግራም ትጎድላለች› አለች። አላመንኳትም። ሠፈራችን ያለ ወርቅ ሠሪ ጋ ወስጄ አስመዘንኳት። መቶ ዘጠና ስምንት። እናቴ ‹ይህችን የላከችውን ሴት እጅ ሳሙልኝ› ብላለች።»

«ድገሚው» አለች አክስቴ።

ደገምኩት። ወንበሩ ላይ ያለውን ዕቃ ሳታነሳ ቁጭ አለችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። መምህር ትከሻዋን ይዘው ቆሙ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጇን ሳምኩት፤ ታዝዤ ብቻ ሳይሆን ስለወደድኳት ነው።

ከስሟ አጠገብ ወርቃማው ኮከብ በርቶ ነበር። ባሳያት አላየችውም። እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ስልኬን ከእጄ ነጠቀችና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በቃሏ የያዘችውን ቁጥር ደወለች። የሱቁ ባለቤት አሁን አርጅተዋል፤ «ሃሎ» ሲሉ ድምፃቸው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

«ጋሼ!» አለች አክስቴ፣ ተነስታ ቆማ። «ዝንቧ ተመዘነች!»