ወንድሜ ያሳየኝ የላይኛው መንገድ

ወንድሜ በጤና የዋለበት የመጨረሻው ቀን ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር የወጣንበት ቀን ነው። አህያችን ጨው ተጭናለች። እሱ ከኋላ ይነዳል፤ እኔ ከፊት እያለከለክሁ ዳገቱን እገፋለሁ። እሱ ነጋዴ ነበር። እኔ ዳዊት ደግሜ ዜማ የጀመርሁ ተማሪ ነኝ። በዚያ ዓመት ከየኔታ አስፈቅዶ አገር አሳየዋለሁ ብሎ ይዞኝ ወጣ።

«በል ንገረኝ» አለኝ። «ስንመለስ ከኩንዲ ተራራ ወዲያ ምን ይመጣል?»

«ጅብራ የበቀለበት ሜዳ።»

«ሜዳውን እንዴት ታልፈዋለህ?»

«ረሳሁት።»

«ገደሉን ወደ ቀኝህ አድርገህ! ያን ሁሉ ዜማ በቃልህ ይዘህ አንድ ገደል ያቅትሃል?»

ከአገራችን ከመዘዞ በላይኛው መንገድ ስንመጣ በየተራራው ጫፍ ያስቆመኝ ነበር። «ዙር፤ ወደ ኋላ እይ» ይለኛል። «ስትመለስ ከፊትህ የሚቆመው ይኼ ነው። መንገድ ሲሄዱበትና ሲመለሱበት መልኩ አንድ አይደለም።» ዞሬ ዞሬ ሰለቸኝ።

«ጋሼ፣ የሎጥን ሚስት ልታደርገኝ ነው እንዴ?» አልሁት።

«ጨው ብትሆንልኝማ መዘዞ ገበያ አውጥቼ እሸጥህ ነበር። ግን ማን ይገዛሃል? ትመራለህ።»

አሁን በአንኮበር ዳገት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። «ስንመለስ መሪው አንተ ነህ። እኔ አህያዋን ይዤ ከኋላ እመጣለሁ። ብትስት አልነግርህም፤ እየሳቅሁ እከተልሃለሁ።»

አንኮበር ያረፍንበት ቤት ስንገባ ብርድ ብርድ አለው። የቆላ ንዳድ ነበር። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ብዙም አልቆየ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቀበርነው፤ ከበላዩ ድንጋይ ደረደርሁ።

ከቀብሩ ላይ የአገራችን ነጋዴዎች ቆመው ነበር። እንደ ተመለሱ አህዮቻቸውን ጫኑ። በደብረ ብርሃን ዞረው ለመዘዞ ገበያ ሊደርሱ ነው። እናታችን ገበያ በዋለ ቁጥር እነሱ ዘንድ ሄዳ «ልጆቼን አያችኋቸው?» ትላለች። ዝም በሉልኝ ብዬ ለመንኋቸው፤ እሺ አሉ። ግን ያን ያህል ሰው አፉን እንዴት ይይዛል? በእኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ በቤት፣ ዘመድ ከብቦ ነው የሚነገር። እናቴ በገበያ መካከል፣ እንግዳ ሰው እየተጋፋት፣ የልጇን ሞት ልትሰማ ነው። ከነጋዴዎቹ ጋር ብሄድም የምደርሰው እዚያው ገበያ ነው። የሚቀድማቸው የላይኛው መንገድ ብቻ ነበር።

ያሳረፈችን ሴት ተቆጣችኝ።

«አንተ ልጅ፣ በላይ ብቻህን? ጉሙ ይበላሃል! መንገድ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ቆይ።»

«አውቀዋለሁ፣ እማማ።»

«ስንት ጊዜ ሄድህበት?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ!» ብላ አጨበጨበች። ቢሆንም በሶ ቋጠረችልኝ። አህያዋንና ጨውን አደራ ብያት፣ የወንድሜን ባና ደርቤ፣ ዱላውን ይዤ ወጣሁ።

ኩንዲ ላይ ነፋሱ ያንገዳግዳል። ትንፋሽ ያጥራል፤ ራስ ይፈልጣል። ጫፉ ላይ ስደርስ ከፊቴ እንደ አህያ ጆሮ የቆሙ ሁለት ድንጋዮች አየሁ። አወቅኋቸው። «ዙር» ብሎ ያሳየኝ እነሱን ነበር፤ ያን ጊዜ ሳላስተውል ያየሁ መስሎኝ ነበር። ከነሱ ስር ሆኜ ቀጣዩን ኮረብታ ፈለግሁ፤ እሱም በቦታው አለ። እንዲህ አንዱ ወደ ሌላው እያሳለፈኝ ሄድሁ። ሲመሽ ቋጥኝ ተጠግቼ በባናው ተጠቀለልሁ። ባናው ጨው ጨው ይላል።

በማግሥቱ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ነበር። ጅብራው ሜዳ ላይ እንደ ደረስሁ ጉሙ መጣ። መጀመሪያ ተራራው ጠፋ፤ ቀጥሎ ጅብራው፤ በኋላ እግሬም። መቆም ነበረብኝ፤ አልቆምሁም፤ ነጋዴዎቹ ይቀድሙኛል ብዬ ሄድሁ። ብዙ ከሄድሁ በኋላ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሲንጫጩ ሰማሁ። ጭላዳ ከገደል አይርቅም። ድምፁ የሚመጣው ከግራዬ ነው።

ከግራዬ። እሱ ያለኝ ግን በቀኝ ነው።

ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ጉሙ ውስጥ ዞሬ ወደ አንኮበር እየተመለስሁ ነበር። የሚስቅብኝ ሰው ከኋላዬ ያለ መሰለኝ፤ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ። ዞርሁና ጩኸቱን ወደ ቀኜ አድርጌ፣ በዱላው መሬቱን እየነካሁ ቀጠልሁ። ጉሙ ሲገለጥ ሜዳውን አልፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አልሳትሁም። በመጨረሻው ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ የአገራችንን የገብስ ማሳና የቤተ ክርስቲያናችንን ዛፎች አየሁ። የእናቴ ቤት ይጨሳል። ወደዚያ አልወረድሁም። ብቻዬን ብታየኝ ታውቀዋለች። በጓሮ ዞሬ የንስሐ አባታችን ቤት ገባሁ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። «ነጋዴዎቹስ?» አሉ።

«ገና ናቸው፣ አባ።»

«አንተ በየት መጣህ?»

«በላይ።»

«ማን መራህ?»

«ማንም አልመራኝም። ራሴ ነኝ።»

ይህን ስል ቀና አልሁ። ወንድሙን ቀብሮ የመጣ ሰው እንዲህ ይኮራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኮራሁ። እሱ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰበሰቡ። አንደኛው ሽማግሌ «ልጁ ከኋላ ይሁን» አለ። አባ ግን «ይምራ። እስካሁንም ሲመራ ነው የመጣ» አሉ። ከፊት ሆንሁ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሜ ዞር አልሁና የመጣሁበትን ተራራ አየሁ። ሽማግሌዎቹም ቆሙልኝ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

እናቴ የበጎቹን በረት ልትከፍት ወጥታ ነበር። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥላ በእጄ ያለውን ዱላ፤ ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን ሰው ሁሉ።

«ወንድምህስ?» አለች።

ሽማግሌው ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ቀደምሁት። እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋት፤ መደቡ ላይ አስቀመጥኋት፤ እግሯ ስር ተንበርክኬ እኔው ነገርኋት።