ወንድሜ ደህና ነኝ ሲሉ

ወንድሜ እግራቸውን ያጡት በናዳው አይደለም። እኔ ቤት ነው ያጡት፣ ኮልፌ፣ ከስፌት መኪናዬ ሁለት እርምጃ በማይርቅ ፍራሽ ላይ። ሰው ሁሉ ናዳው ነው እግራቸውን የበላው ሲል ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬ ደግሞ መልሶ ያናድደኛል። እንግዲህ ዛሬ ልናገረው።

ወንድሜ የምላቸው ለእናንተ ነው፤ እኔ የምጠራቸው ወንድም ጋሼ ብዬ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን ሲሞት አርሰው ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አንቱ እንጂ አንተ ብያቸው አላውቅም። የሚኖሩት ጎጃም ውስጥ፣ ከአፋፍ ሥር ባለች መንደር ነበር። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አልቆም አለና አንድ ጠዋት አፋፉ ተንዶ ቤቱን፣ በሬዎቹንና የመጨረሻ ልጃቸውን ይዞ ወረደ። ልጁ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ በሬዎቹን ልፍታ ብሎ ገብቶ ነው። መንደሩ ሁሉ አሥር ቀን ቆፈረ፤ አልተገኘም። ሚስታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ ያገባች ልጃቸው ጋ ተጠጉ፤ እሷም ትንሽ እንዲያርፉ ብላ አውቶቡስ አሳፍራ ወደ እኔ ላከቻቸው።

አስኮ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ሲወርዱ ቀኝ እግራቸውን ጎተት አደረጉ። ጋቢ፣ ዱላ፣ ቦት ጫማ፤ ሌላ ዕቃ የላቸውም። እኔ እያለቀስኩ ስስማቸው እሳቸው «አንቺ ደህና ነሽ? ሥራሽስ?» እያሉ ጠየቁኝ እንጂ ስለ ራሳቸው ትንፍሽ አላሉም። የወንድ ልጅ እንባው ወደ ሆዱ ነው የሚፈሰው ሲባል የሰማሁት ከእሳቸው ከራሳቸው ነው፣ ልጅ ሆኜ።

ሥራዬ ዩኒፎርም መስፋት ነው። ነሐሴ ሲገባ የ18 ማዞሪያ እናት ሁሉ ልጇን እየጎተተች ትመጣና ቤቴ ሱሪና ቀሚስ ብቻ ይሆናል። ራሴን የማክበት ጊዜ የለኝም። ወንድም ጋሼ ጥግ ላይ ባነጠፍኩላቸው ፍራሽ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይውላሉ። አልጋው ላይ ይውጡ ስላቸው «መሬት ይሻለኛል» አሉ። ልጁን ያልቀበረ አባት አልጋ ላይ አይተኛም ብዬ ተውኳቸው፤ እኛ አገር ሐዘንተኛ መሬት ነው የሚተኛው። ሲበሉም ሁለት ጉርሻ ነው፤ ይኼንንም ለሐዘኑ ሰጠሁት። ቦት ጫማቸውን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቁት ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።

በሦስተኛው ቀን መሰለኝ፣ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ግድግዳ ይዘው ሲያነክሱ አየኋቸው። አፌ ስፒል ሙሉ ነበር። «እግርዎን ምን ሆነው ነው?» አልኩ፣ መኪናውን ሳላቆም።

«ኧረ ምንም አልሆንሁ። መቀመጥ ነው» አሉ።

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ እጅጌ መግጠሜን ቀጠልኩ።

ስለ ናዳው ሲያወሩ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። እርዳታ የሚሰጡ ሰዎች መዝገብ ይዘው መንደሩ መጡ አሉ። ወንዶቹን ዛፍ ሥር ሰብስበው «ምን ጎደለ? የተጎዳስ አለ?» ብለው ጠየቁ። ቤት የሌለው፣ በሬ የሌለው፣ ልጁን ያልቀበረ ሁሉ ቆሞ «እግዜር ይመስገን፣ ከእኛ የባሰ አለ» አለ። ሰዎቹም ቸኩለው ነበር፣ የመኪናቸውን ሞተር እንኳ አላጠፉም፤ ጽፈው ሄዱ።

«ምን ብለው ጻፉ?» አልኳቸው።

«ደህና ናቸው ብለው ነዋ» አሉና ፈገግ አሉ። ከመጡ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ኮራሁባቸው። እጃቸውን አልዘረጉም፣ ዘራችን እንዲህ ነው አልኩ በሆዴ። የእኔ ጅል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቤቱ መሽተት ጀመረ። በደጄ የሚያልፈው ቦይ በክረምት ስለሚሞላ እሱ ነው አልኩ። ጎረቤቴ የአምቦ ሴት ናት፤ ቦዩ ውስጥ ቆሻሻ የምትደፋው እሷ ናት ብዬ እጠረጥራት ነበርና ወጥቼ ልክ ልኳን ነገርኳት። ምላሴ ረጅም ነው፣ ሰፈሩ ያውቀዋል። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «ነይ እስቲ» ብላ እጄን ይዛ ወደ ራሴ ቤት አስገባችኝ። በሩ ላይ ቆም ብላ አሸተተች።

«ከቦዩ አይደለም» አለች። ወደ ወንድሜ ሄደች፣ ጎንበስ አለችና ጋቢውን ገለጠችው። ሊከለክሏት እጃቸውን አነሡ፤ አቅም ግን አልነበራቸውም። ሰውነታቸው እሳት ሆኗል።

ቦቱን በጨርቅ መቀሴ ቀደድነው። ያየሁትን አልጽፍም። ልጃቸውን ፍለጋ ሲቆፍሩ የገዛ ቤታቸው ቆርቆሮ ጭቃ ውስጥ ሆኖ እግራቸውን ቆርጧቸው ኖሯል። ያንን ቁስል በነጠላ ቅዳጅ አስረው፣ ተደብቀው በጨው ውሃ እያጠቡ፣ ቀኑን ሙሉ ቆፍረውበታል፣ አውቶቡስ ተሳፍረውበታል፣ እኔ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀምጠውበታል። ጎረቤቴ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አባባ» አለቻቸው ቀስ ብላ። እኔን ምንም አላለችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው። እግራቸው ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት፣ ሳምንት ቀድመን ብንመጣ ምናልባት ይተርፍ እንደነበር ነገረኝ። «አብራችሁ አይደል እንዴ የምትኖሩት?» አለኝ። ነው አልኩ። ወንድም ጋሼ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

እግራቸው በተቆረጠ ማግስት ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ነርሷ ማስታገሻ ይዛ መጣችና «አባባ፣ ያምዎታል?» አለቻቸው።

«ኧረ ምንም አይል፣ እግዜር ይስጥሽ። ለባሰበት ስጪ» አሉ። ፊታቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እሷም እሺ ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ያ እሺ የእኔው እሺ ነበር።

እኛ አገር እኮ እንዲህ አይጠየቅም። ብላ ሲባል በልቻለሁ የማይል ማን አለ? ሦስት ቀን ጦሙን ያደረም በልቻለሁ ነው የሚለው። የመጀመሪያው እንቢታ ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛውም ያው ነው፤ ጋባዡ እጁን ይዞ በሞቴ ሲለው ነው እውነቱ የሚወጣው። ይኼ ጠፍቶኝ አይደለም። ኮልፌ ሃያ ዓመት ብኖርም ለእንግዳ ሦስቴ በሞቴ ሳልል ማዕድ አንስቼ አላውቅም። ለወንድሜም በየማዕዱ ብያለሁ፣ ጉርሻውን እስከ አፋቸው አስጠግቼ። ስለ እግራቸው ግን አንዴ ጠየቅኩ፣ ያውም ስፒል ነክሼ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያምዎታል?» አልኳቸው።

«የለም።»

«ያምዎታል ወይ?»

«ተይኝ እስቲ። ደህና ነኝ አልሁሽ።»

ተነሥቼ እጃቸውን ያዝኩ። አፈር ስሆን ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ልጃቸው ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት። «በሞቴ» አልኳቸው።

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው እያለቀሱ መሆኑን ያወቅኩት።

«ያመኛል» አሉ። «ከመጣሁ ጀምሮ ያመኛል። ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ ነገ ትጠይቀኛለች እያልሁ ነበር።»