በመስኮት ያከበርነው መስቀል

ለመስቀል ወልቂጤ አንቀመጥም። ቸሃ፣ አባቴ ዘንድ ሄደን ከዘመድ ጋር ነው የምናከብረው። ያን ዓመት ግን ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ጉንፋን ይዟት ከትምህርት ቤት መጣች። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ያስሉ ነበር። ሰውነቷ በትኩሳት ይፋጃል። ጤና ጣቢያ ስወስዳት፣ "ትረፍ፣ ፈሳሽ ትጠጣ፤ እስኪሻላት ሰው ጋ አትቀላቅያት" አሉኝ።

ለአባቴ ደውዬ ዘንድሮ እንደማንመጣ ነገርኩት። "እግዜር ይማራት" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በመስቀል ማግስት በራችን ተንኳኳ። አባቴ ነው! በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ ይዞ በሚኒባስ መጥቷል።

"የታለች?" እያለ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት አመራ። ልጄ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

"አባባ፣ እንዳይገቡ! ጉንፋን ይዞኛል!"

"እኔ ጉንፋን የምፈራ ይመስልሻል?"

"እኔ እፈራልዎታለሁ! ደረትዎን ያምዎት የለ? ለትልልቅ ሰዎች ይብሳል ብላናለች መምህራችን።"

አባቴን በዕድሜው ማንም "እንዳትገባ" ብሎት አያውቅም። ሊቆጣ ነው ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን በሳቅ ፈነዳ። "እሺ እመቤቴ!" ብሎ ወጣና ግቢውን ዞሮ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ወንበር አስቀመጠ።

"እዚህስ ይፈቀዳል?"

"ትንሽ ራቅ ይበሉ።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ጎተተ። ከዚያ ለበዓሉ ሊታረድ የነበረው በሬ ገመዱን በጥሶ መንደርተኛውን እንዴት እንዳሯሯጠ፣ እንደ በሬ እያገሳ ያወራላት ጀመር። ልጄ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች፤ በሳቋ መሐል እንኳ አፏን በክንዷ መሸፈን አልረሳችም። እሱም ጉሮሮው ሲከረክረው በመዳፉ አፉን ሊይዝ ሲል፣

"በእጅ አይደለም፣ በክንድ!" ብላ ጮኸችበት።

እኔ ያዘጋጀሁት ክትፎ ከአባቴ ቆጮ ጋር ሲቀርብ ከመስኮቷ ሆና ሁላችንንም በሳሙና አስታጠበችን። ባለቤቴ ውሃ ብቻ አስነክቶ ሊቀመጥ ሲል መልሳ ላከችው። ለእሷ በራሷ ሳህን ሰጠኋት፤ እኛ ግቢ ውስጥ፣ እሷ በመስኮቷ ሆና አብረን በላን። ጎረቤቶች በሳቃችን ተጠርተው መጡ፤ እነሱንም አስታጠበቻቸው።

ከቤቱ ጉንፋኑ የተጋባብኝ እኔ አስታማሚዋ ብቻ ነኝ። አባቴ እንደመጣ በጤናው ተመለሰ። ሁለታችንም ደህና ስንሆን ቸሃ ወጣን። አባቴ ከሩቅ ሲያየን እጆቹን ዘርግቶ ቆመ፤ ልጄም በሩጫ ሄዳ ተጠመጠመችበት። ጉንጮቿን እያገላበጠ ሲስማት፣ "ይበቃል አባባ፣ ጢምዎ ይኮሰኩሳል!" እያለች ትንፈራገጥ ነበር።