ከኋላ የሚቀመጠው ሰው

ከጫማ መሸጫዬ ጎን፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ጎረቤት አለኝ። ሰው ሁሉ «ቆይስቲ» ይለዋል። ሥራ ላይ ሆኖ የሚያናግረውን ሁሉ «ቆይ እስቲ» እያለ ስለሚያስቆም የወጣለት ስም ነው። እኔ ቀርፋፋ ሰው ያበሽቀኛል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቼ የምውል መሆኔን ግን አልክድም።

ቆይስቲ ንቅንቅ የማይልበት አንድ ደንብ አለው። የኋላ አሞርዛተር ሊያስቀይር የመጣ ሰው፣ ከኋላው የሚያፈናጥጠውን ሰው ይዞ ካልመጣ ሥራው አያልቅለትም። አሞርዛተር ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ንጠቱን የሚውጠው ሞላ ነው፤ ግርጌው ላይ ያለው ቀለበት ሲዞር ይጠብቃል ወይም ይላላል። «ለማን ብዬ ላጥብቀው?» ይላል። ከዚያ ሰውየውን ያስቀምጥና ከጎማው በላይ ባለው ክፍተት ጣቶቹን ሰዶ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይለካል። አንድ ነጋዴ አማቱን በስንት ልመና አምጥቶ በሰው ፊት ሞተር ላይ ሲያስቀምጣቸው ያየሁት ቀን እስካሁን ያስቀኛል።

የሰው ሲጠግን ውሎ የራሱን ይረሳል። የገዛ ሞተሩ አሞርዛተር ዘይቱን ተፍቶ ካበቃ ቆይቷል። በዚያው ሞተር ነው ጠዋት ጠዋት ሚስቱን ወደ ልብስ ፋብሪካ የሚያደርሳት፤ መንገዱ ደግሞ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ሚስቱ ክር ለቃሚ ሆና ገብታ ዛሬ አንድ ክፍል የምትመራ፣ ሥራዋን እንደ ልጅ የምትወድ ሴት ናት። እሷ ባለፈው ሰሞን ወገቤን ሞተሩ ጨረሰኝ፣ ሥራውን ልተወው ነው ስትል ሰማኋት። ቆይስቲ እንቅልፍ አጣ። በእኔ ስንፍና ሥራዋን ልታጣ ነው እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

በእረፍት ቀን አዲስ አሞርዛተር ገዝቶ መጣ፣ የግራውንም የቀኙንም። አንዱን ብቻ መቀየር አንድ እግር ጫማ እንደመግዛት ነው ሲል፣ ነገሩ በእኔ ሙያ ስለመጣ ወዲያው ገባኝ። ሞተሩን በእንጨት ደግፎ አቆመው። የዛጉትን ብሎኖች ዘይት አጠጥቶ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ፈታቸው። አሮጌውን በመዳፉ ሲጫነው ሰምጦ ቀረ። አዲሱን ገጥሞ ብሎኖቹን አጠበቀና፣ ሚስቱን ሳይጠራ ቀለበቱን ያዞር ጀመር። ደንብህስ የት ሄደ ብዬ ነገር ፈለግኩት።

«የሚስቴን ክብደት አላውቅም እንዴ?» አለኝ።

ሲጨርስ እንጨቱን አውጥቶ ሞተሩን በጎማው አቆመና፣ ሚስቱን ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታቸው ጠራት። እጇን እየጠረገች መጥታ ተቀመጠች። መቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ሻጩን ፎርጅድ ሸጠልኝ ብሎ ረገመውና እኔን ተቀመጥ አለኝ። ስቀመጥ ሞተሩ ደህና አድርጎ ዝቅ አለ። ባልና ሚስት በሳቅ ፈረሱ፤ እሷ እንዲያውም ያን ሁሉ ሰውነት ከቻለ ዕቃው ምን ይወጣለታል አለች። እኔ ኩርፊያ ቃጣኝ።

እንደገና እሷ ተቀመጠች። ጣቶቹን ክፍተቱ ውስጥ እንደከተተ ቀረ። ሳቁም ጠፋ። ዕቃው ምንም እንዳልሆነ ያን ጊዜ ለሁላችንም ገባን።

«መቼ ነው እንዲህ የቀለልሽው?» አላት።

መጀመሪያ ልትቀልድ ሞከረች። ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ምግብ እምቢ ካለኝ ሰነባብቷል። የሚያመኝም ወገቤን አይደለም፣ ሆዴን ነው። ሐኪም ቤት እንዳትወስደኝ ብዬ በሞተሩ አሳበብኩ። የሚሉኝን ፈርቼ ነው።»

በቁጣ ይጮህባታል ብዬ ነበር። እኔ ብሆን እጮህ ነበር። እሱ ግን የብሎን መፍቻውን አንስቶ በርከክ አለና ቀለበቶቹን በግራም በቀኝም ወደ ኋላ አዞራቸው። መቀመጫው ለእሷ ልክ ዝቅ እስኪል ድረስ እያስቀመጣት፣ እያስነሳት ለካ።

«ነገ ፋብሪካ አንሄድም፤ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው» አላት። «በመንገድ እንዳያንገጫግጭሽ ነው ያላላሁት። ስትድኚ መልሼ አጠብቀዋለሁ።»

«እንዲህ አጥብቀህ የነበረው ለእኔ ነው?» አለች ሞላውን እያየች። «ያን ያህል እንኳ ወፍራም አልነበርኩም።»

«ነበርሽ» አላት። ጣቶቹንም መልሶ ክፍተቱ ውስጥ ሰደደ።